ባሌ ላይ ሦስት ሌሊት ድንኳን ልናድር ነው፤ ምን እንያዝ፣ ምን እንተው?

ባለ_ሦስት_ካልሲ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አምስት የሥራ ባልደረቦች ነን፣ ሦስት ሴት ሁለት ወንድ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ባሌ ተራሮች ፓርክ ለመሄድ ተስማምተናል። አንዱን ሌሊት ዲንሾ፣ ሁለቱን ደግሞ ላይ ሳነቴ፣ ገርባ ጉራቻ ሐይቅ አጠገብ ልናድር ነው። አስጎብኚና የጭነት ፈረስ ከዲንሾ እንይዛለን፣ እሱ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ዕቃው ነው። ከአምስታችን ድንኳን ውስጥ አድሮ የሚያውቀው አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱም ላንጋኖ አሸዋ ላይ፣ በሙቀት። ስለዚህ አልቆጥረውም።

እስካሁን እጃችን ላይ ያለው ይኼ ነው። ስድስት ሰው ይይዛል የተባለ ትልቅ ድንኳን አለ፣ የአንዱ ወንድም ከውጭ የላከው። ስሊፒንግ ባግ ሁለት። ጋቢ እንደ ጉድ። የሚታጠፍ ወንበር አምስት። ስፒከር። የከሰል ምድጃ ከነከሰሉ። ረከቦት፣ ጀበናና ሲኒ (ይቺ የኔ ሐሳብ ናት፣ አትሳቁ)። ለምግብ ፓስታ፣ ድፍን ምስርና እንጀራ አስበናል። ሦስታችን የገና ጾም ላይ ነን፣ ሁለቱ አይጾሙም።

ሁሉንም ለመግዛት አቅም የለንም። ብራችንን የትኛው ላይ እናውጣ? የትኛውን ቤት ተዉት ትላላችሁ? ደግሞስ በእውነት ያን ያህል ይበርዳል? እናቴ «ጋቢ ከያዝሽ ምን ትሆኛለሽ» እያለችኝ ነው።


የሮቤ_መንገደኛ፦

እናትሽ ዲንሾ ድረስ ልክ ናቸው። ከዚያ በላይ ግን ጋቢ ብቻውን አያወጣሽም።

ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ነው። ገርባ ጉራቻ ወደ 4,000 ይጠጋል። ታኅሣሥ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ያለበት ወቅት ነው። ቀን በካኒቴራ ትሄጃለሽ፣ ፀሐዩ ይጠብስሻል። ፀሐይ ስትገባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሌላ አገር የገባሽ ይመስልሻል። ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቅሽ።

የራሴን ልንገርሽ። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ብርድ ከላይ የሚመጣ መስሎኝ ሁለት ጋቢና አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ደረብኩ። ከሥሬ ያነጠፍኩት ግን አንዲት ስስ ላስቲክ ነበረች። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነቃሁ። ከላይ ሞቆኛል፣ መሬቱን የነካው ጎኔ ግን ደንዝዟል። ስገላበጥ ደግሞ የሞቀው ጎን ወርዶ ይቀዘቅዛል፣ እንደ እንጀራ ምጣድ ግልባጭ በሉት። በመጨረሻ ብርድ ልብሱንና አንዱን ጋቢ ገፍፌ ከሥሬ አነጠፍኩ። በአንድ ጋቢ ብቻ ቀረሁ፣ ግን ያኔ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ጠዋት በር ላይ ትቼው ያደርኩትን ሃይላንድ ሳነሳው ውስጡ በረዶ ሆኖ ኳ ኳ ይላል።

ስለዚህ ብርሽን መጀመሪያ የምታወጪው የሚነጠፍ ነገር ላይ ነው። ከስሊፒንግ ባጉም በፊት፣ ከድንኳኑም በፊት። ውድ መሆን የለበትም። ውሃ የማይመጠው፣ ስትጫኚው ቶሎ የማይተኛ ፎም ፈልጊ፣ ለስፖርት የሚነጠፈው ዓይነት። ስስ ከሆነ ሁለት ደርቢ። የፍራሽ ስፖንጅ ግን አይሆንም፣ ስትተኚበት ይደፈጠጥና የለም ማለት ነው፣ እርጥበት ከነካው ደግሞ ጠጥቶ ቁጭ ይላል። በአየር የሚነፋው የባሕር ዳርቻ ፍራሽም ያምራል እንጂ ውስጡ ያለው አየር እየተገላበጠ ቅዝቃዜውን ወዳንቺ ያመጣዋል።

ስሊፒንግ ባጎቹ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር አለ፣ ኮምፎርትና ሊሚት የሚባል። ሊሚት የሚለው ሰውየው ተኮራምቶ እንደምንም የሚያድርበት ነው። ሻጭ የሚያሳይሽ ግን እሱን ነው፣ ስለሚያምር። አንቺ ኮምፎርቱን እይ። ኮምፎርቱ 10 ዲግሪ ከሆነ ለላንጋኖ ይሁንላችሁ። ወደ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች የሚል ከሆነ ጋቢ ጨምራችሁ ታድራላችሁ።

ትልቁን ድንኳን አልወደድኩትም። ሳነቴ ሜዳ ነው፣ ነፋሱን የሚይዝልሽ ዛፍ የለም። ቁመተ ረጅም ድንኳን ነፋስ ሲመታው ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሸራ ሲንጓጓ ያድራል፣ ውስጡም ሰፊ ስለሆነ በትንፋሻችሁ አይሞቅም። ሁለት ትንንሽ መከራየት ወይም መዋስ ከቻላችሁ እሱ ይሻላል።


ማሚቱ_ዘሽሮሜዳ፦

እህቴ ድፍን ምስሩን ቤት ተዪው። ባቄላም አተርም እንዳትይዢ። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 86 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይፈላል፣ ይንተከተካል፣ ክዳኑ ድስቱ ላይ ይጨፍራል፣ ምስሩ ግን እንደ ጠጠር። እኛ ሁለት ሰዓት ጥደን ጋዙን ጨርሰን በመጨረሻ ቆሎ በልተን ነው የተኛነው። ፓስታውም ቢሆን ይላቁጣል እንጂ በደንብ አይበስልም፣ ስሱን መኮረኒ ያዙ።

የሚያዋጣው የተፈጨ ነገር ነው። ሽሮ። ሚጥን ከሆነ ቅመሙም ገብቷል፣ ሽንኩርቱን አዲስ አበባ በዘይት አቁላልተሽ በጠርሙስ ይዘሽ ሂጂ፣ እዚያ ውሃ አፍልቶ መበጥበጥ ብቻ ነው። እንጀራው ለመጀመሪያው ቀን ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ይደርቃል፣ ከፈረስ ጭነት ሥር ገብቶም ይደቃል። ለቀሪው ድርቆሽ። ድርቆሽ ቀላል ነው፣ አይሻግትም፣ ሽሮው ላይ ስትበትኚው ራት ሆነ። ጠዋት በሶ በስኳር፣ ወይም ለሚወደው በጨውና በሚጥሚጣ። ኪስ ውስጥ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ቴምር። ዳቦ ቆሎ ደግሞ ብርድ ላይ እንዴት እንደሚጣፍጥ እዚያ ታዪዋለሽ።

ጭኮ የሚባል ነገር አለ፣ ገብስና ቅቤ፣ የአርሲና የባሌ ሰው ለመንገድ የሚይዘው። ለእንዲህ ዓይነት ቦታ የተሠራ ምግብ ነው። ለጿሚዎቹ ግን አይሆንም፣ ሁለቱ የማይጾሙት ይብሉት፣ እናንተ እያያችሁ ምራቃችሁን ዋጡ። ድስት ሁለት ያዙ፣ አንዱ ላይ የጾም ብላችሁ በማርከር ጻፉበት። እኛ አንድ ድስት ብቻ ይዘን ሄደን አንዷ ጓደኛችን ቋንጣ ከነካው ድስት አልበላም ብላ ሁለት ቀን በበሶ ነው የኖረችው።

የሐይቁን ውሃ ቀድታችሁ ዝም ብላችሁ እንዳትጠጡ። ከብትም አውሬም ያለበት ነው። ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ፣ ካልሆነ ውሃ አጋር ጨምሩበት። ውሃ አጋሩ በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጊዜ ይፈልጋል፣ አትቸኩሉ።


ጡረተኛው_እግረኛ፦

ልጄ፣ ሁሉም ጥሩ ብለዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ሳነብ ደነገጥኩ። ከሰሉን።

ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። በረደን ብላችሁ ምድጃውን ወደ ውስጥ እንዳትስቡት። ፍሙ ጢስ የለውም ብላችሁ አትታለሉ፣ የሚገድለው የማይታየውና የማይሸተው ነው። እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሽና በዚያው ነው። አገራችን ላይ በር ዘግተው ከሰል አንድደው ተኝተው ያልነቁ ስንት ሰዎች እንዳሉ ታውቂያለሽ። ድንኳን ደግሞ ዚፑ ከተዘጋ ከአንድ ክፍል ቤት በምን ይለያል? የጋዝ ምድጃም ቢሆን ውጭ ነው የሚቀጣጠለው። እንዲያውም ከሰሉን ጨርሶ አትያዙት። ከፓርኩ እንጨት እንለቅማለን ብላችሁም እንዳታስቡ። እዚያ ያለው አስታ የሚባለው ዛፍ አንድ ክንድ ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጅበታል።

ለመሞቅ ሌላ መንገድ አለ። ልትተኙ ስትሉ ውሃ አፍሉና ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የብረት ኮዳ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግር ሥር ክተቱ። ፕላስቲክ ሃይላንድ አይሆንም፣ ይኮማተራል። ጠዋት ያንኑ ውሃ ለሻይ ታፈሉታላችሁ።

ጋቢን በተመለከተ። ጋቢ ጥጥ ነው። ደረቅ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ወዳጅ ነው። ከራሰ ግን ከብዶ፣ ቀዝቅዞ፣ ሦስት ቀን አይደርቅም። ቡልኮም እንደዚያው። ከቤተሰብ በርኖስ ያለው ሰው ካላችሁ እሱን ያዙ፣ ሱፍ ነው፣ ጤዛ ቢነካውም ያሞቃል። ለእግርም የሱፍ ካልሲ። የቀን ካልሲና የሌሊት ካልሲ ለየብቻ ይሁን፣ የሌሊቱን ለእግር ጉዞ አታድርጉት፣ ያላበው ካልሲ ነው ሌሊት የሚያስቃዣችሁ። ቅጽል ስምሽ ሦስት ካልሲ ነው አይደል? አራት ያዢ።

ጫማ። ለጉዞው ብላችሁ አዲስ ጫማ እንዳትገዙ፣ ከገዛችሁም ዛሬውኑ አድርጋችሁ እንጦጦ ውጡበት። እኔ አንድ ጊዜ ከሰልባጅ ያማረ የተራራ ጫማ አገኘሁ፣ አልተነካም ማለት ይቻላል። ለካ ዕቃ ቤት ብዙ ዓመት ተቀምጦ ሶሉ ውስጥ ውስጡን አርጅቷል። በሁለተኛው ቀን የግራው ሶል እንደ ውሻ ምላስ ተንጠለጠለ። ከሰዓት በኋላ የቀኙ። ፈረስ የሚነዳው ልጅ ጭነት ካሰረበት ሲባጎ ቆርጦ ጠፍንጎ አሰረልኝና እንደዚያው እየተጎተትኩ ወረድኩ። ስለዚህ ሲባጎ ያዙ። ለጫማ ብቻ አይደለም፣ ለድንኳን፣ ለልብስ መስጫ፣ ለሁሉ።

ሻንጣ ጎማ ያለው አይሆንም፣ ፈረስ ላይ ነው የሚጫነው። ለስላሳ ቦርሳ ይሁን። ልብሱን መጀመሪያ በወፍራም ፌስታል ቋጥሩ፣ ከዚያ ቦርሳውን እንዳለ ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱት። ማዳበሪያ ከየትኛውም የተራራ ቦርሳ ሽፋን ይበልጣል፣ ፈረሱ ድንጋይ ላይ ቢፈትገውም አይቀደድም። ጭነቱ ግራና ቀኝ ሚዛን መጠበቅ ስላለበት እኩል እኩል አድርጋችሁ ቋጥሩ፣ ባለፈረሱ ይመርቃችኋል። ቀን የምትፈልጉት ነገር ግን ፈረሱ ላይ አይጫን። እሱ ቀድሟችሁ ይሄዳል፣ ዝናብ ቢመጣ ላስቲካችሁ ሰባት ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

ትንሽ አካፋ አትርሱ። ለምን እንደሆነ አልዘረዝርም።


ዴንቨር_ነኝ፦

እኔ የምኖረው ኮሎራዶ ነው። ባለፈው ክረምት እዚህ ተራራ ላይ ድንኳን ማደር ጀመርኩ፣ የአገሬን ተራራ ሳላይ እያልኩ ይቆጨኛል፣ ቅናቴን ተረዱልኝ።

ከውጭ ዕቃ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ሁለት ነገር ልበል። የጋዝ ቆርቆሮ በአውሮፕላን አይጫንም፣ በሻንጣም በእጅም። ምድጃው ንጹሕ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ ጋዙን እዚያው መፈለግ ነው። ፓወር ባንክ ደግሞ በእጅ ቦርሳ ብቻ፣ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ያስቀሩታል። ድሮን አምጡልን እንዳትሉ፣ ያለ ፈቃድ ቦሌ ላይ ይቀራል። ዘመዳችሁ ቦታ ካለው ስሊፒንግ ባግ ይዞ ይምጣ፣ ቀላል ነው፣ ተጨምቆ ይታጠፋል። ፎሙን ግን አታስመጡ፣ ሻንጣ ሞልቶ ነው የሚመጣው።

ጋዙ ላይ ደግሞ። ቆርቆሮው ላይ ቡቴን ብቻ ከሚል ፕሮፔን የተቀላቀለበት ይሻላል። ንጹሕ ቡቴን ብርዱ ሲበረታበት ወደ ጋዝነት መለወጡ ይዳከማል። ቆርቆሮውን ስትነቀንቁት ይሰማል፣ ውስጡ አለ፣ እሳቱ ግን አይመጣም። ሰው ይኼኔ አለቀ ብሎ ይጥለዋል። አላለቀም፣ በርዶታል። ሌሊት ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዛችሁት እደሩ፣ ጠዋት ብብታችሁ ሥር አድርጋችሁ ትንሽ ቆዩ፣ ይነሳል። እሳት አጠገብ አድርጎ ማሞቅ ግን በፍጹም። ስልክና ፓወር ባንክም ከናንተ ጋር ይደሩ፣ ብርድ ባትሪ ይበላል። የግንባር ባትሪ ለየሰዉ አንድ አንድ ይኑራችሁ፣ በስልክ መብራት ድንኳን መትከል አንድ እጅ ታስሮ ቡና እንደመውቀጥ ነው።


ቡና_ሱሴ፦

ሁላችሁም ስለ ጀበናው ዝም አላችሁ። እኔ አልልም። ጀበናው ይሂድ!

በጋቢ ተጠቅልሎ ድስት ውስጥ ይቀመጥ፣ አይሰበርም። ወይ ደግሞ የብረቱን ጀበና ፈልጉ፣ ይኼ ሁሉ ጭቅጭቅ ያልቃል። ቡናው ተቆልቶ ተወቅጦ ይሂድ እንጂ እዚያ ነፋስ ላይ ቁሉ አልልም። ረከቦቱን ተዉት፣ ሲኒው የፕላስቲክ ይሁን። ለመሆኑ ከሳነቴ ማዶ ወደ ሐረና ስትወርዱ ጫካው ውስጥ ቡና በገዛ ራሱ የሚበቅልበት አገር እየሄዳችሁ ሳሼ ኔስካፌ ይዛችሁ ልትሄዱ ነው?


የሮቤ_መንገደኛ፦

ሱሴ ልክ ነው፣ ጀበናውን አልከለክልም። ወንበሮቹና ስፒከሩ ግን ይቅሩ። ወንበሩ ክብደት ነው፣ አንድ ፈረስ ለአምስት ወንበር መክፈል ነው። ስፒከሩ ደግሞ፣ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ቀን ነው የሚያድነው፣ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ሆዱን መሬት አስነክቶ ሲያደባ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ ታዩታላችሁ። ሙዚቃ ከፍታችሁ ግን የምታዩት ጅራቱን ነው። በስፒከሩ ቦታ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ተዋሱ።


ባለ_ሦስት_ካልሲ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ ጡረተኛው፣ ከሰሉን ለዘበኛችን ሰጠሁት፣ ደስ ብሎታል።

ትናንት ቢሮ ተሰብስበን ዝርዝሩን እንደገና ሠራነው። ትልቁ ድንኳን ቀረ፣ አንድ ባለ ሦስትና አንድ ባለ ሁለት ተዋስን። ፎም አሥር ገዛን፣ ለሰው ሁለት ሁለት። ሦስት ስሊፒንግ ባግ ልንከራይ ነው። የነበሩት የሁለቱ ኮምፎርት 12 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ፣ የላንጋኖው ልጅ «እኔ ግድ የለኝም፣ በርኖስ አለኝ» ብሎ አንዱን ወሰደ፣ እናያለን። ድስት ሁለት። ድርቆሹን እናቴ እየሠራችልኝ ነው፣ ጋቢ ብቻ ያለችውን ትታ አሁን የአያቴን በርኖስ ከሳጥን አውጥታ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ። ድንኳኑን ዚፑን ጥርቅም አድርገን እንዝጋው ወይስ ክፍት እንተው? አንዷ ጓደኛችን ጅብ ትፈራለች።


የሮቤ_መንገደኛ፦

ላይኛውን ትንሽ ክፈቱት፣ ከራስ ቁመት በላይ ያለውን። ጥርቅም ካደረጋችሁት የሦስት ሰው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ተሰቅሎ ያድርና ጠዋት አንዱ ሲነሳ ፊታችሁ ላይ ይዘንባል። ስሊፒንግ ባጋችሁ ከራሰ ደግሞ ሁለተኛው ሌሊት አለቀ። ጅቡን ለአስጎብኚው ተዉለት፣ ብቻ ምግብ ድንኳን ውስጥ ይዛችሁ አትደሩ፣ ጫማችሁንም ውጭ አትተዉ።

አንድ ምሽት ግቢያችሁ ውስጥ ሁለቱን ድንኳኖች ትከሏቸው። በጨለማ፣ ጓንት አድርጋችሁ። የውሰት ድንኳን ሁልጊዜ ካስማ ይጎድለዋል።


ባለ_ሦስት_ካልሲ፦

አሁን ከግቢ ገባሁ። ባለ ሦስቱ አራት ካስማ ጎድሎታል። የባለ ሁለቱ ከረጢት ውስጥ ደግሞ የሌላ ድንኳን ምሰሶ ነው ያለው።